በዋቅቶላ ሱቅ ደጃፍ የተዘረጋ ጉልት

አዲስ አበባ፣ የካ
ግንቦት 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቤኪ ዋቅቶላ
ባንጋሎር

ወንድምዬ፣

በሩ አልከፈት አለኝ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጀይላን ኢንተርኔት ካፌውን የከፈተው ከምሳ በኋላ ነው። እንደ ወትሮዬ ጥግ ያለችው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ፣ ጌሙን ከፍቼ ቬልማር ገባሁ፣ በጫካው በር በኩል ወደ አደባባዩ ወረድኩ፣ የሱቃችን ደጃፍ ላይ ቆሜ በሩን ነካሁት። "ይህን መደብር ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም" የሚል ጽሑፍ ወጣ። መስመሩ ተንቀራፎ መስሎኝ ደግሜ ነካሁት። ያው ነው። ቀና ብዬ ታፔላውን አየሁ። "ዋቅቶላ ሱቅ" የሚለው የለም። በቦታው ጥቁር ጨርቅ ላይ የተሣለ ዘውድ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ "የብረት ዘውድ ማኅበር መጋዘን" ይላል። ባለቤት፣ ሎርድ ክሬቨን። ከዚያም ዝቅ ብሎ በደቃቅ ፊደል፣ "ከቤኪ ዋቅቶላ በስጦታ የተላለፈ።"

በስጦታ!

ሰላምታውን ዘልዬ ስጀምር ብልግና እንዳይመስልህ። ጤናህን እጠይቅሃለሁ። አሁን ከጠየቅኩህ ግን ልቤ ይራራና የምለውን ሳልል እቀራለሁ። ስለዚህ ወደ ታች ጠብቀኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጓደኛዬ የናዲያ ወንድም ሬድዋን ነው። ሰኞ ወደ ባንጋሎር፣ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ቻት ላይ ስጽፍልህ "መስመር እየተቆራረጠብኝ ነው" ብለህ ትወጣለህ። ወረቀት አይቆራረጥም። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ማክሰኞ በላክልኝ ኢሜይል "ጌም ነው እኮ ፌቢ፣ ለምን እንዲህ ከልብሽ ያዝሽው?" ብለሃል። ወረድ ብለህ ደግሞ "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዋረድሽኝ" ብለሃል። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ስትጽፍ አልከበደህም? ጌም ከሆነ የተዋረደው ማነው? ሰው ከተዋረደ ደግሞ ጌም ነው የምትለኝ ለምንድን ነው?

የረሳኸው ስለሚመስለኝ ከመጀመሪያው ላስታውስህ።

አባባ ሲያርፍ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሾላ ገበያ፣ የአባባ ሱቅ ውስጥ ነበር የምውለው። አንተ ኳስ ሜዳ ነበርክ። አልከስህም፣ ኳስ ትወድ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሱቅ እወድ ነበር። ሳሙናው የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛዋ ደንበኛ ስኳር ስትገዛ ወሬ እንደምትፈልግ፣ የትኛው ቶሎ ተሰጥቶት መሄድ እንደሚፈልግ ከአባባ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሐዘኑ እንዳበቃ ሽማግሌዎች ሳሎናችን ተሰበሰቡ። ጎረቤታችን ጋሽ ኃይሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ፌበን ነገ የሰው ቤት ሂያጅ ናት። ወንዱ ልጅ ይፈርምና ፈዬራ ሱቁን ይያዝላችሁ" አሉ። አጎታችን ፈዬራ ምንጣፉን እያየ ነበር። እኔ የጓዳው በር ላይ ቆሜ "የእኔስ ስም?" አልኩ።

ሳቁ። በክፋት አልነበረም፣ ሕፃን ያልሆነ ነገር ሲናገር እንደሚሳቀው ነው የሳቁት። "የኔ ልጅ፣ በእህትና በወንድም መካከል ፊርማ ምን ያደርጋል?" አሉኝ ጋሽ ኃይሉ። አንተም ሳቅክና ፈረምክ።

ዓመት ሳይሞላ አጎታችን ሱቁን ለሌላ ሰው አስተላለፈው። ወደ ባንጋሎር ስትሄድ ትኬትህን የቆረጠልህም እሱ ነው። ዛሬ እዚያ ቤት የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። ታክሲ ይዤ ወደ መገናኛ ስሄድ እዚያ ጋ ስንደርስ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞራለሁ። ይህን ነግሬህ አላውቅም። ያን ጊዜ አልተቀየምኩህም። ገና ልጅ ነበርክ፣ ሽማግሌ ከቦህ ነበር ብዬ ይቅር አልኩህ፣ ኤርፖርት ድረስም ሻንጣህን ይዤ ሸኘሁህ።

ቬልማርን ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ጀይላን ጋ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ "ስልክ ውድ ነው፣ ነይ እዚህ እንገናኝ" ብለህ ጻፍክልኝ። ገባሁ። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ሰው ባላባትና ጠንቋይ ሆኖ ጫካ ውስጥ ከአውሬ ጋር ሲታገል አየሁ። አንተ የእንጨት ሰይፍህን ይዘህ ከፊት ከፊት ትሮጣለህ። ሰይፉን ሳየው ከራጉኤል በታች ካለው ጫካ ባሕር ዛፍ ቆርጠህ የሠራኸው፣ እማዬ በኋላ ለማገዶ ያነደደችብህ ሰይፍ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ውጊያው ግን አልማረከኝም። እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ተዋጊዎቹ ቆስለው፣ ሰይፋቸው ተሰብሮ በጫካው በር በኩል ሲመለሱ መድኃኒት የሚሸጥላቸው የለም። እየተጎተቱ እስከ ከተማው ማዶ ይሄዳሉ።

"እዚህ በር ላይ ሱቅ ያስፈልጋል" አልኩህ።

"ድራጎን እየገደልን አንቺ ሱቅ ታስቢያለሽ?" አልከኝ።

"ድራጎኑን የገደለ ሰው አይርበውም?"

ሱቅ ለመክፈት ፈቃድ ይወጣል፣ የሚወጣውም በውጭ አገር ባንክ ካርድ ነው። አንተ ካርድ ነበረህ፣ እኔ አልነበረኝም። ስትሞላው አንድ ነገር ጠየቅከኝ፣ መቼም አትክደውም። "ሁለት ስም ማስገባት ይቻላል፣ ያንቺንም ልጨምር?" አልከኝ። እኔ ምን አልኩህ? "ተው እባክህ፣ እህትና ወንድም ይፈራረማል እንዴ?" ያ የሳሎኑ ሳቅ ሳሎን ውስጥ አልቀረም ነበር ለካ። በእኔም አፍ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሱቁን የሠራው ማነው ቤኪ? መደርደሪያውን አባባ እንደሚደረድረው ደረደርኩት፣ ሁልጊዜ የሚጠየቀው ለእጅ ቅርብ፣ ለዓይን የሚያምረው ከላይ። ናዲያ መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ ተቀምጣ ከቬልማር ጫካ ቅጠል ትለቅምልኛለች፣ እኔ የቁስል መድኃኒት እቀምማለሁ። ሰይፍና ጋሻ አንድ ብራዚላዊ አንጥረኛ ያመጣልኛል፣ ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ ቃሉን አጥፎብኝም አያውቅም። እና ምርቃቱ። አባባ ስኳር መዝኖ ሚዛኑ ልክ ከሆነ በኋላ በእጁ ቆንጠር አድርጎ የሚጨምራትን ታስታውሳለህ? ያቺን እኔም ጨመርኩ። መድኃኒት ለገዛ ፋሻ፣ ሰይፍ ለገዛ አንድ ዳቦ። መጀመሪያ ላይ ፈረንጆቹ የተሳሳትኩ መስሏቸው ይመልሱልኝ ነበር። "አንድ ትርፍ ሰጥተሽኛል" ብሎ ከጫካ ድረስ የተመለሰ ኖርዌያዊ ነበር። "ትርፍ አይደለም፣ ምርቃት ነው። አባቴ የሚሸጠው እንዲህ ነበር" ብዬ ጻፍኩለት። ብዙም ሳይቆይ አገራቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ደጃፌ ላይ ቆመው በላቲን ፊደል "ምርቃት?" እያሉ ይጽፉልኝ ጀመር። ዋቅቶላ የሚለውን ስም አንዳንዱ ምላሱን እየሰበረ ጠራው፣ ግን ጠራው። ሾላ የጠፋው ስም እዚያ ተጠራ። እኔ ይህን ነበር የያዝኩት።

አንተ ደግሞ ለአንድ ወንበር ሰጠኸው። የብረት ዘውድ የተባለው የተዋጊዎች ማኅበር ጠረጴዛ ላይ መቶ አለቃ ተብለህ ለመቀመጥ። ገንዘብ አግኝተህበት ቢሆን ቸገረው እላለሁ። አንተ ግን ሱቁን የሰጠኸው ሰዎች ሲያልፉ ጎንበስ እንዲሉልህ ነው።

ያን ቅዳሜ ካፌውን ለጀይላን ትቼ በእግሬ ሽቅብ ወደ ቤት ወጣሁ። እማዬ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች።

"ምን ሆንሽ?"

"ሱቁን ወሰዱት።"

"የቱን ሱቅ?"

"ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን፣ ከቤኪ ጋር የከፈትነውን።"

ታውቃታለህ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሱቅ እንዴት እንደሚገባ ገብቷት አያውቅም። "በሩ ላይ የአባታችሁ ስም አለ ያልሽኝ?" አለች።

"አዎ።"

"አወረዱት?"

"አወረዱት።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ደግሞ?" አለች። እንደ ሾላው ማለቷ ነበር። ደግሞ? ቀጥላ "ማነው ያወረደው?" ስትለኝ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

"ሌባ ነው እማዬ። የማናውቀው ሰው ነው፣ የውጭ አገር ሰው።"

ስምህን አልጠራሁም። እስካሁንም አልጠራሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ያንን ሌባ ትጨምረዋለች። "ጌታ ሆይ፣ የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም፣ ልቡን መልስለት" ትላለች። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ተኝቼ የማን ልጅ እንደሆነ እያወቅሁ አሜን እላለሁ። ይህን የጻፍኩልህ እንዲያምህ ነው።

ሰኞ ወደ ካፌው ስመለስ ጀይላን ሂሳብ መቀበያው ጋ ቆሞ ነበር።

"ፌቢ፣ ፊትሽ ዛሬ ሰው ይገድላል" አለኝ።

"ጉልት ልዘረጋ ነው።"

"የት?"

"ቬልማር። ሱቄ በር ላይ።"

"በአላህ! እናቴ እኔን ያሳደገችኝ ጉልት ቸርችራ ነው፣ ልጇ ብሮድባንድ ያስገባው ደግሞ ሌላዋ ጉልት እንድትቸረችርበት ነው?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና ጠጋ አለኝ። "ዋጋ አትስበሪበት። ዋጋ የሰበረ ነገ እሱም ይሰበርበታል። አንቺ ዝም ብለሽ ሰላም በያቸው፣ ደንበኛ ሰላምታውን ተከትሎ ይመጣል።"

አንተ እንደምታውቀው በቬልማር ፈቃድ የሌለው ሰው መሬት ላይ ጨርቅ ዘርግቶ መሸጥ ይችላል። ማንም የተከበረ ነጋዴ አያደርገውም፣ የትናንት ጀማሪዎች ናቸው ጥርስና ቆዳ ዘርግተው የሚቀመጡት። እኔ ሦስተኛ ደረጃ ድረስ የወጣሁ ነጋዴ ነኝ፣ አደባባዩ ላይ ስሜን የማያውቅ የለም። ጨርቄን አወጣሁና የብረት ዘውድ መጋዘን ደጃፍ ፊት ለፊት፣ የሚገባም የሚወጣም ሊያየኝ በሚችልበት ቦታ ዘረጋሁት። የቀሩኝን ጥቂት መድኃኒቶች ደረደርኩ። ተቀመጥኩ።

ሎርድ ክሬቨን ራሱ መጣ። የብር ጥሩሩን ለብሶ፣ ከኋላው አጃቢ አስከትሎ።

"ሴትዮ፣ ቦታ ተሳስተሻል። ጀማሪዎች የሚቀመጡት በወንዙ በኩል ነው" ብሎ ጻፈ።

"ጀማሪ ነኝ። ዛሬ ጀመርኩ" አልኩት።

"ቤኪ ስለ አንቺ ነግሮኛል። ጥሩ ሻጭ ነሽ አሉ። ግቢና መደርደሪያውን ያዢልን።"

በገዛ ሱቄ ሊቀጥረኝ! ጀይላን ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ሲያነብ "ይህን ሰውዬ አንድ ቀን ሾላ ገበያ ባገኘሁት" አለ።

"አመሰግናለሁ፣ አየሩ ደጅ ይሻላል" ብዬ መለስኩለት።

ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ከሌላ ሰው ሰምተሃል፣ ከእኔም ስማው። ለናዲያ ጻፍኩላት፣ ናዲያ ለመጋዘኑ ቅጠል መስጠት አቆመች። ለብራዚላዊው አንጥረኛ ጻፍኩለት። "ሱቁ የአባትሽ አልነበረም?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ነው አልኩት፣ በማግስቱ ሰይፎቹን እየተሸከመ መጥቶ ጨርቄ ላይ አጋደማቸው። ማንንም አልዋሸሁም፣ ማንንም አልሰደብኩም። የሆነውን ብቻ ነገርኳቸው። ማኅበሩ መደርደሪያውን በራሱ ዕቃ ሞላው፣ ጥሩ ዕቃ ነበር፣ ልዋሽ አልፈልግም። ግን ሰዎቹ ይገቡና "ምርቃት?" ብለው ይጽፋሉ፣ ሻጩ ደግሞ "ምንድን ነው እሱ?" ይላል። ይወጣሉ። ደጅ እኔ አለሁ። "ሰላም፣ እንዴት ዋልክ፣ ቁስልህ ዳነ?" እላለሁ። ጨርቄ ጠባብ ስለሆነ ሰልፉ እየረዘመ የመጋዘኑን በር ዘጋው፣ አንድ ቀን ሎርዱ በራሱ መጋዘን ለመግባት የእኔን ደንበኞች "ይቅርታ፣ አሳልፉኝ" ሲል አየሁት።

ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። እማዬ ለሌባ ትጸልያለች፣ እኔ እማዬ አይደለሁም። በየቀኑ ቬልማር እንደገባሁ መጀመሪያ የማየው ያ ጥቁር ጨርቅ ገዢ በሌለው መጋዘን ላይ ተሰቅሎ እንደሆነ ነበር፣ ባዶ ሆኖ ሳገኘው ቀኑን ሙሉ ሆዴ ይሞላል። ጀይላን አንድ ቀን "በቃሽ አሁን፣ አሸንፈሻል" አለኝ። አልበቃኝም።

የበቃኝ ባለፈው እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወደ ካፌው ጎራ አልኩ። አደባባዩ ላይ ማኅበሩ ተሰብስቧል። ሎርድ ክሬቨን ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ "ይህ ሰው ሱቁን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ገበያው ከእኔ ጋር ይመጣል ብሎ ነበር። ዋሽቶናል" አለ። የመቶ አለቃነት ካባህን አስወለቀህ። አንተ ድሮ እንደነበርክ፣ በተራ ሸሚዝ፣ ብቻህን ቀረህ። ሁሉም ያይሃል።

"ሱቁን እኔ ነኝ የሠራሁት" ብለህ ነበር ለካ። ስጦታ መስጠትህን አውቅ ነበር፣ ይህን ግን ከእሱ አፍ ነው የሰማሁት።

ያን ጊዜ ነው በአደባባዩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ "ና ቤኪ፣ ፋሻ ውሰድ። ምርቃት ነው" ያልኩህ። ሰው ሳቀ። እኔ የሳሎኑን ሳቅ ነበር የሰማሁት፣ በዚህኛው ተራ ግን የጓዳው በር ላይ የቆምከው አንተ ነበርክ። አዋረድሽኝ የምትለው ይህን ከሆነ፣ አዎ፣ አዋርጄሃለሁ። ይቅርታ አልጠይቅህም። ፋሻውን ግን ጎንበስ ብለህ አንስተህ ሄድክ። እሱን አይቻለሁ።

አሁን የኢሜይልህ ሁለተኛ ገጽ ላይ ደረስኩ። ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ። ከአንዱ ሙሉ ጨረቃ እስከ ሌላው ምንም ያልሸጠ መደብር በከተማው ይወረሳል፣ ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ መጀመሪያ ፈቃድ ያወጣው ሰው ቅድሚያ ይጠየቃል። የሚጠየቀው አንተ ነህ፣ የተጻፈው የአንተ ስም ብቻ ነውና። "አስመልሰዋለሁ ፌቢ" ብለሃል። "ታፔላውን እንሰቅለዋለን፣ አንቺ እንደ ድሮሽ ትሸጫለሽ፣ እኔ እንደ ድሮዬ ጫካ እወርዳለሁ፣ ሁሉም ነገር እንደ ነበረ ይሆናል" ብለሃል። እስከዚህ ሳነብ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን መስመር አነበብኩ። "ስሙ በእኔ ላይ እንዳለ ይቆይ፣ እንደገና መቀየር ጣጣ ነው። ደግሞስ በእኔና በአንቺ መካከል ስም ምን ያደርጋል?"

እንባዬ ያኔውኑ ደረቀ።

ስም ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ። ስም ያለው ሰው ሲሰጥ "በስጦታ የተላለፈ" ይባላል። ስም የሌለው ሰው በሩ አይከፈትለትም።

ጨረቃዋ በሚቀጥለው ሳምንት ትሞላለች። ልታስመልሰው ብትፈልግ አልከለክልህም፣ ቅድሚያው የአንተ ነው። ግን ባለቤት በሚለው ቦታ ላይ ፌበን ዋቅቶላ ተብሎ ካልተጻፈ እዚያ ደፍ ላይ እግሬ አያርፍም። የአንተን ስም ከእኔ ሥር መጨመር ብትፈልግ እጨምርልሃለሁ፣ ጠይቀኝ እንጂ። ካልሆነ ይወረስ። እኔ ጨርቅ አለኝ። የሚቀጥለውም ባለቤት፣ አንተም ብትሆን፣ በሩን በከፈተ ቁጥር እኔን ፊት ለፊቱ ያገኘኛል፣ ሰላምታዬንና ምርቃቴን ይዤ፣ ሱቁ ገዢ አጥቶ ባዶ እስኪሆን።

አሁን ጤናህን ልጠይቅህ። እንዴት ነህ? ያ ሳል ለቀቀህ? ስትተኛ መስኮቱን ትዘጋለህ ወይስ እንደ ድሮህ ነህ? እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ። ከሬድዋን ጋር በርበሬና ሽሮ ልካልሃለች። በርበሬውን በሁለት ፌስታል ደራርቤ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ልብስህ ላይ እንዳይፈስ። ስለ ሌባው ስትጠይቀኝ "እስካሁን አልተያዘም" እላታለሁ። አንድ ቀን ራስህ ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም፣ አልነግርብህምም።

የእንጨት ሰይፍህ እኔ ጋ ናት። ካባ ሲያለብሱህ ጥለሃት ስለሄድክ በኋላ ከደጃፉ አንስቻት ነው። ጨርቄ ጫፍ ላይ አስቀምጫታለሁ። አንዳንድ ጀማሪ ዋጋዋን ይጠይቀኛል፣ "ባለቤት አላት" እላለሁ።

ጌታ በሰው አገር ይጠብቅህ። ትምህርትህን አስጨርሶ በሰላም ይመልስህ። በደጅ ስትወጣ ስትገባ፣ ጎንበስ የሚሉልህን ሳይሆን ቀና ብለው ፊትህን የሚያዩህን ሰዎች ይስጥህ። ይህን ከልቤ ነው የምመርቅህ፣ ተናድጄም ቢሆን ከልቤ ነው።

ሁለቴ ሱቅ አጥቼ ኖሬያለሁ፣ መኖር እንደሚቻል አውቃለሁ። ያለ ወንድም መኖርን አልሞከርኩትም፣ አታስሞክረኝ። ከእንግዲህ ግን ሽማግሌ ሳሎን ውስጥ ቢለውም፣ አንተ ከባንጋሎር ብትጽፈውም፣ እኔው ራሴ ወድጄህ ልለው አፌን ብከፍትም፣ "በእህትና በወንድም መካከል ፊርማ ምን ያደርጋል" የሚለውን ቃል አልቀበልም።

እህትህ
ፌበን ዋቅቶላ